ከሌባው ጀርባ ማን ነበረ?

ባለፈው ዓመት፣ በሰሜን ሸዋ ስሟን መጥራት በማልፈልጋት አንዲት ከተማ፣ ቅዳሜ ገበያው ደርቶ ሳለ አንድ ፖሊስ ይሸሽ በነበረ ሌባ ላይ ተኮሰ። ጥይቱ ሌባውን አላገኘውም። ያገኘው ከገብስ ጆንያቸው አጠገብ ተቀምጠው ከአንዲት ገዢ ጋር ዋጋ ይከራከሩ የነበሩ አንዲት የሰፈሬን እናት ነው። ጭናቸውን በስቶ አጥንታቸውን ሰበረው። ሕይወታቸው ተርፏል፤ እስከ ዛሬ ግን ያለ ምርኩዝ አይራመዱም፤ የገበያ ቦታቸውንም ሌላ ሰው ይዞታል።

እኔ በዚያ ሰዓት ከበግ ተራው ወዲህ ነበርኩ። ተኩስ በሰርግም በለቅሶም ስንሰማ ያደግን ሰዎች ስለሆንን ድምፁ እንደተሰማ ለአፍታ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ አንዲት ሴት ጮኸች፤ ገበያተኛውም በአንድ ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ፈሰሰ። የጋሪ ፈረስ በርግጎ የሽንኩርቱንና የእንቁላሉን ጉልት ረመረመው፤ ልጅ ያዘሉ እናቶች በጠባቡ መውጫ ላይ ወደቁ። በጥይት የተመታው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በግርግሩ የተረገጡት፣ እጃቸው የወለቀ፣ ግንባራቸው የተፈነከተ ግን ብዙ ነበሩ። ሌባው በዚያው ግርግር ተሰወረ። የሰረቀው የአንድ በግ ነጋዴ ገንዘብና ስልክ ነበር። ከቀናት በኋላ፣ ማንነቱን ግማሹ ከተማ ያውቀው ስለነበር፣ ከዘመዶቹ ቤት ያለ አንዳች ግብግብ ተያዘ።

ከዚያ ዕለት ይልቅ ግን እስካሁን የሚከነክነኝ ከሳምንታት በኋላ በሽምግልና ላይ የሰማሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

«ከእሱ በቀር ማንንም አላየሁም»

የፖሊሱ ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው ይቅርታ ለመጠየቅ መጡ። እኔም እንደ ጎረቤት ተጠርቼ ከግቢው ጥግ ተቀመጥኩ። ወጣቱ ፖሊስ የደንብ ልብሱን ሳይለብስ ከአባቱ ጎን አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ንግግሩ ለረጅም ጊዜ የተሽከረከረው በሌባው ዙሪያ ነበር፤ ቀድሞም ታስሮ የተፈታ መሆኑ፣ ነጋዴውን ማስመረሩ፣ ከተማው ሌባ ያስቸገረው መሆኑ በየተራ ተነገረ። ያንን ሁሉ ስሰማ በውስጤ ቁጣ ይቀሰቀስ ነበር፤ ምክንያቱም የሌባው ጥፋት በዝቶ በተዘረዘረ ቁጥር የተጎዱት እናት ነገር እየራቀ የሚሄድ መሰለኝ።

በዚህ መሀል፣ በወጣትነታቸው በውትድርና ያገለገሉ አንድ አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ልጄ፣ ስትተኩስ ከሌባው ጀርባ ማን እንደነበረ አይተህ ነበር?» ሲሉ ጠየቁት።

ልጁ ቶሎ አልመለሰም። አባቱ ሊናገሩለት ሲሉ አዛውንቱ በእጃቸው ከለከሏቸው። ከዚያም ቀና ብሎ፣ «አባቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ከእሱ በቀር ማንንም አላየሁም። ገበያው እንዳለ ጠፋብኝ» አለ።

ከቤት ውስጥ፣ አልጋቸው ላይ ሆነው ያዳምጡ የነበሩት እናት፣ «እዚያው ተቀምጬ ነበር እኮ፣ ልጄ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ ሰው የለም።

ወደዚያ ግቢ ስገባ ሰበብ እንደምሰማ እርግጠኛ ነበርኩ፤ «ወደ ሰማይ ነው የተኮስኩት»፣ «ሰው ገፍቶኝ ነው» የሚል መልስ ጠብቄ ነበር። ልጁ ግን ራሱን የሚያድን አንድም ቃል አልተናገረም። ያየውን፣ ይልቁንም ያላየውን፣ በቀጥታ መሰከረ። ያንን ንግግሩን ደጋግሜ ሳስበው ይበልጥ የሚያስፈራኝ ውሸት አለመሆኑ ነው። ቢዋሽ ኖሮ ችግሩ የአንድ ሰው ጠባይ ነው ብዬ በዚያው እተወው ነበር።

ሰው ከባድ ጥድፊያና አደጋ ሲገጥመው ዓይኑ በአንድ ነገር ላይ ይተከላል፤ ዳር ዳሩ ይደበዝዝበታል፤ ድምፅ ይርቀዋል፤ ጊዜ የቆመ ይመስለዋል። ተኩስ ውስጥ የገቡ ብዙ ፖሊሶችና ወታደሮች የራሳቸውን መሣሪያ ድምፅ እንኳን አለመስማታቸውን ተናግረዋል። ይህ የሰውነት ሥራ እንጂ የክፋት ምልክት አይደለም። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ግን፣ ቃታ ላይ ጣቱን ያሳረፈን ሰው በዚያች ቅጽበት «ተጠንቀቅ፣ ዙሪያህን ተመልከት» ብሎ መጠበቅ ከንቱ ተስፋ ነው። የገብስ ሻጯን እናት ደኅንነት ለዚያች ቅጽበት ከተውነው አስቀድመን አሳልፈን ሰጥተናቸዋል ማለት ነው። ጥንቃቄው መደረግ ያለበት ፖሊሱ ወደ ገበያው ከመግባቱ በፊት፣ ዓይኑ ገና ሁሉን በሚያይበት ሰዓት ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ፤ እናቶቻችን ለወጥ የሚሉት ይህ አባባል ለጥይት የበለጠ ይሠራል።

ጥይት ከአፈሙዝ ከወጣ በኋላ

አዛውንቱ ያንን ጥያቄ የጠየቁት ከልምድ ነው። መሣሪያ በሥርዓት የተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሕግ ነው፤ ዒላማህን ብቻ ሳይሆን ከዒላማህ ጀርባ ያለውንም እወቅ። በተራራ ሥር በተዘጋጀ የተኩስ ሜዳ ላይ ይህ ሕግ ቀላል ነው፤ ከወረቀቱ ጀርባ ያለው አፈር ነውና። በቅዳሜ ገበያ ግን ከማንኛውም ዒላማ ጀርባ ሰው አለ፤ ከዚያ ሰው ጀርባም ሌላ ሰው አለ።

በአካባቢያችን ፖሊስ ትከሻ ላይ በብዛት የምናየው ክላሽ ነው። ይህ መሣሪያ ለጦር ሜዳ የተሠራ ነው። ጥይቱ ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ 100 ሜትር ለማቋረጥ ዓይን ለመጨፈን የሚበቃ ጊዜ እንኳን አይፈልግም፤ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆም ሰው መግደል ይችላል። የገበያ ዳስ ሸራ፣ የሱቅ ቆርቆሮ፣ የሳንቃ በር አያቆሙትም። ድንጋይ ንጣፍ ወይም አስፋልት ላይ ዘቅዝቆ ሲያርፍ ደግሞ እንደ ኳስ ወደ ላይ አይነጥርም፤ አብዛኛውን ጊዜ መሬቱን ተከትሎ ዝቅ ብሎ ይጋልባል፤ በጉልት ገበያ ሰው የሚቀመጠውም እዚያው ዝቅ ያለው ከፍታ ላይ ነው። «እግሩን ለመምታት ነው የተኮስኩት» የሚለው ማስተባበያ ለመሬት ተቀማጭ ነጋዴዎች ምንም የሚያጽናና ነገር የለውም።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ ብዙ ሰው ልብ ስለማይለው ልጥቀሰው። ክላሽ ከመቆለፊያው ሲላቀቅ መጀመሪያ የሚያርፍበት ደረጃ ተከታታይ ተኩስ ነው፤ ነጠላ ተኩስ የሚገኘው ከዚያ በታች፣ በመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ማንሻውን እስከ ታች ሳይገፋው ከቀረ፣ አንድ ጊዜ ቃታ መሳብ ብዙ ጥይት ማፍሰስ ይሆናል። ለምሽግ ውጊያ የታሰበ አሠራር ገበያ መሀል ሲገባ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማሰብ የተለየ እውቀት አያስፈልግም።

ወደ ሰማይ የሚተኮሰውስ? እኛ ሰሜን ሸዋዎች፣ በተለይም የመንዝና የአካባቢው ሰዎች፣ ይህን ጥያቄ ለራሳችንም ልናቀርበው ይገባል፤ በሰርጋችንና በለቅሷችን ወደ ላይ የሚተኮሰው ጥይት የሆነ ቦታ ይወርዳል። ቀጥ ብሎ የወጣ ጥይት ሲመለስ ፍጥነቱ በእጅጉ ቢቀንስም የሰው ጭንቅላት ለመጉዳት በቂ ነው፤ አጋድሎ የተተኮሰው ደግሞ ብዙ ጉልበቱን እንደያዘ ሩቅ ሄዶ ያርፋል። ፖሊስ ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታ የሚተኩሰው የማስጠንቀቂያ ተኩስ ይህንኑ አደጋ ይዞ፣ በላዩ ላይ ድንጋጤ ይጨምርበታል። ሕዝብ የሚያልቀው በጥይት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 በኢንዶኔዥያ ማላንግ አካባቢ፣ በካንጁሩሃን ስታዲየም፣ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ከተኮሰ በኋላ ወደ መውጫዎቹ በተደረገው መገፋፋት 135 ሰዎች ሞተዋል። የፊፋ የስታዲየም ደኅንነት ደንብ በሜዳ ዙሪያ የሚቆሙ ጠባቂዎች የጦር መሣሪያና አስለቃሽ ጋዝ እንዳይዙ የሚከለክለው ከእንዲህ ዓይነቱ አደጋ ለመጠበቅ ነው። ለኳስ ተመልካች የታሰበለት ጥንቃቄ ለገበያተኛ የማይታሰብበት ምክንያት አይታየኝም።

የሠለጠነ እጅም ይስታል

«ችግሩ የሥልጠና ማነስ ነው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። በከፊል እውነታቸውን ነው፤ ነገር ግን ሥልጠና ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 በኒው ዮርክ፣ ኢምፓየር ስቴት ከሚባለው ሕንፃ አጠገብ፣ የቀድሞ የሥራ ባልደረባውን ገድሎ የሚሄድን ሰው ሁለት ፖሊሶች ደረሱበት። ሰውየው ሽጉጡን ሲያነሳባቸው በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ሆነው 16 ጥይት ተኩሰው ገደሉት። በዚያ መንገድ ላይ የነበሩ ዘጠኝ እግረኞች ቆሰሉ፤ ሁሉንም ያቆሰላቸው ከፖሊሶቹ የወጣ ጥይት ወይም ስብርባሪው ነው። ተኩሱ ትክክል ነበር ብንል እንኳን፣ ሰውየው በእርግጥ ነፍሰ ገዳይ ነበርና፣ ዘጠኙ ሰዎች ግን ቆስለዋል።

ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም የዚያችኑ ከተማ ፖሊስ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ1998 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት በተኩስ ልውውጥ ወቅት ዒላማውን የመቱት ጥይቶች በአማካይ 18 በመቶ እንደነበሩ አስቀምጧል። የቀሩት የት ሄዱ? ገንዘብም መምህራንም የተትረፈረፈለት ፖሊስ እንዲህ ከሆነ፣ በዓመት ጥቂት ጥይት ብቻ ለልምምድ የሚሰጠውን ወጣት «አነጣጥረህ ምታ» ብሎ ወደ ገበያ መላክ ለእሱም ለእኛም ግፍ ነው።

ከዚያችው ከተማ የምንማረው በጎ ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 የኒው ዮርክ ፖሊሶች 93 ሰው ተኩሰው ገድለው ነበር። በቀጣዩ ዓመት አንድ ጥብቅ ደንብ ወጣ፤ የማስጠንቀቂያ ተኩስ ተከለከለ፤ ጉዳዩ የሌለበትን ሰው አደጋ ላይ የሚጥል ተኩስ ተከለከለ፤ እያንዳንዱ ጥይት ሪፖርት እንዲደረግና እንዲመረመር ታዘዘ። ቁጥሩ ባለፉት አሥርት ዓመታት እየወረደ መጥቶ በ2010 ወደ 8 ዝቅ ብሏል። እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ፣ ደንቡ ከወጣ በኋላ በሥራ ላይ የሚገደሉ ፖሊሶች ቁጥርም መቀነሱ ነው። «የፖሊስን እጅ ካሰርክ ታስገድለዋለህ» የሚለው ክርክር በዚያ አልጸናም።

ስለሚሸሽ ሌባ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1990 ሃቫና ላይ ያጸደቃቸው ስለ ኃይልና ጦር መሣሪያ አጠቃቀም የተደነገጉ መሠረታዊ መርሆዎች ግልጽ ናቸው። መሣሪያ የሚተኮሰው የሰው ሕይወትን ወይም አካልን ከሚያሰጋ፣ ደጃፍ ላይ ከደረሰ አደጋ ለመከላከልና ከዚያ ጋር ለሚቀራረቡ ከባድ ጉዳዮች ነው፤ ሆን ብሎ ለመግደል መተኮስ ደግሞ ሕይወትን ለማዳን ፈጽሞ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው። ገንዘብና ስልክ ይዞ የሚሮጥ፣ መሣሪያ ያልያዘ ሰው ከዚህ ውስጥ አይገባም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1985 ተመሳሳይ ውሳኔ ሰጥቷል፤ ጉዳዩ አጥር ዘሎ ሊያመልጥ ሲል ፖሊስ ተኩሶ የገደለው የ15 ዓመት ልጅ ነበር፤ ሰብሮ ከገባበት ቤት የወሰደው 10 ዶላርና የእጅ ቦርሳ ነው። በእኛ ገበያ የነበረውን ሌባ ጥይቱ ቢያገኘውስ ኖሮ? እሱም የሰው ልጅ ነው፤ ለስርቆት ፍርድ ቤት ሞት አይፈርድም፤ ፍርድ ቤት የማይፈርደውን ደግሞ መንገድ ላይ የቆመ ፖሊስ ሊፈርደው አይገባም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 15ም የሰው ሕይወት በሕግ ከተደነገገ ከባድ ወንጀል ቅጣት ውጭ እንዳይጠፋ ይጠብቃል።

ከገበያው በፊት

እንግዲህ ዓይኑ ለሚጠበው ወጣት አስቀድመን ምን እናድርግለት? ከሁሉ በፊት የመሣሪያው ነገር ይመስለኛል። በገበያው ውስጥ ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚጋፋው ፖሊስ ቆመጥና መገናኛ ሬዲዮ ይዞ ቢገባ፣ ክላሽ የያዙት በዳር በዳሩ፣ በመውጫዎቹ ላይ ከአዛዥ ጋር ቢቆሙ፣ ያ ቅዳሜ በሌላ መንገድ ያልፍ ነበር። ሌባውን የሚከተለው ሰው በትከሻው ላይ ያለውን ብቸኛ መፍትሔ አድርጎ አያይም ነበር፤ «ወደ ላይኛው መውጫ እየመጣ ነው» ብሎ መናገር ይበቃው ነበር። ደግሞም በትንሽ ከተማ ውስጥ ሌባ ወዴት ይሄዳል? ስሙ፣ ሰፈሩ፣ የእናቱ ቤት ይታወቃል። እንዲያመልጥ መተው ለአንድ ሌሊት መተው ነው።

ገዳይ መሣሪያ ይዞ ሕዝብ መሀል የገባ ሰው ሲኖርስ? ይህን ጥያቄ ሸሽቼ ማለፍ አልፈልግም፤ አካባቢያችን ባለፉት ዓመታት ያየውን ሁላችንም እናውቃለን። እንዲህ ያለ ሰው ሕዝቡን እየጨረሰ ቆሞ የሚያይ ፖሊስ አልፈልግም። ነገር ግን ያኔም ቢሆን ከጀርባው የድንጋይ ግንብ ወደሚሆንበት አቅጣጫ መዞር፣ ጠጋ ብሎ መተኮስ፣ ተንበርክኮ ጥይቱ ወደ ላይ እንዲያመራ ማድረግ፣ «ተኙ!» ብሎ ጮኾ ሕዝቡ መሬት እስኪይዝ ከተቻለ መጠበቅ፣ በነጠላ መተኮስ፤ እነዚህ ሁሉ የሚለመዱ ነገሮች ናቸው። የሚለመዱት ግን ቀድሞ ነው። ልምምዱም በወረቀት ዒላማ ላይ ነጥብ መሰብሰብ ብቻ ሳይሆን፣ ከዒላማው ጎንና ጀርባ የእናትና የሕፃን ምስል ተተክሎ፣ ሳይተኩስ የቀረው ሠልጣኝ ሙሉ ነጥብ የሚያገኝበት መሆን አለበት። በሕዝብ መሀል ላለመተኮስ የወሰነ ፖሊስ በአለቃው ፊት የሚመሰገንበት ቀን ካልመጣ፣ ወጣቱ «ሌባ አስመለጠ» ከሚባል ስድብ መተኮስን ይመርጣል። ያ ልጅ ከሌባው ይልቅ ይህን ስድብ ይፈራ እንደነበር በሽምግልናው ላይ አባቱ ተናግረዋል።

ከተተኮሰ በኋላ

ሽምግልናው በእርቅ አለቀ። እርቁን አልጠላውም፤ ቂም በቤተሰብ መካከል እንዳይቀር ከዚህ የተሻለ መንገድ አናውቅም። ነገር ግን እርቁ የፈታው በሁለት ቤተሰቦች መካከል ያለውን ነገር ነው፤ ፖሊሱን በክላሽ ወደ ገበያ የላከው አሠራር ከሽማግሌዎቹ ፊት አልቀረበም። የሃቫናው መርሆዎች ለተጎዳ ሰው ወዲያውኑ ሕክምና እንዲደርሰው፣ ለቤተሰቡ እንዲነገር፣ ድርጊቱም ለበላይ አካል ሪፖርት እንዲደረግ ያዛሉ። እኚህ እናት ወደ ሕክምና የተወሰዱት በጎረቤት ትከሻና በባጃጅ ነው።

የአገራችንም ሕግ ዝም አላለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 559 በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስን፣ በአንቀጽ 543 ደግሞ በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ባጠፋው ጥፋት የተጎዳ ሰው፣ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ፣ ካሳውን ከመንግሥትም እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። ይህን ድንጋጌ ከግቢው ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም፤ አንቀጽ 2143 ለእንዲህ ዓይነቱ ክስ ሁለት ዓመት ብቻ መስጠቱንም የሚያውቅ አልነበረም። አሁን የእናትየዋ ልጆች የሕክምና ማስረጃውን ሰብስበው ጠበቃ እያነጋገሩ ነው። ሽማግሌዎቹ ቅር ይላቸዋል ብለው ፈርተው ነበር፤ ያንን ጥያቄ የጠየቁት አዛውንት ግን፣ «እርቅ ከልጁ ጋር ነው፤ ካሳው ደግሞ የላከው ዕዳ ነው» አሏቸው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ የጥምቀት ሰሞን ከመድረሱ በፊት ይህን መጻፍ ፈለግሁ። በምንጃር ኢራንቡቲ 44 ታቦታት በአንድ ስፍራ ሲያድሩ፣ በየወረዳውም ታቦት ተከትሎ የሚወጣው ሕዝብ መንገዱን ሲሞላ፣ ፖሊስ በመካከሉ ይቆማል። ለዚያ ስምሪት በሚሰጠው ገለጻ ላይ አዛዦች በሕዝብ መሀል ወደ ሰማይም ወደ ምድርም የማስጠንቀቂያ ተኩስ እንዳይኖር፣ በሚሸሽና ሕይወት በማያሰጋ ሰው ላይ እንዳይተኮስ፣ ክላሽ የሚይዙት እነማን እንደሆኑና የት እንደሚቆሙ፣ ቁስለኛን የሚያነሳው ማን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲያስቀምጡ እጠይቃለሁ። ጽሑፉም በፖሊስ ጣቢያ መሳቢያ ውስጥ ከሚቀመጥ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ በር፣ በገበያ ዳስና በመናኸሪያ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ሕዝቡም ከፖሊሱ ምን መጠበቅ እንዳለበት ያንብበው።